ከአየር ጤና እስከ ቤቴል የሄደው የመስታወት ክር

ወንድይፍራው ከሃንጋሪ ሲመለስ ለእናቱ አንድ ሹራብ፣ ለእኛ ለመስመር ሠራተኞች አንድ ካርቶን ሲጋራ፣ ለራሱ ደግሞ የበርሜል ክዳን በሚያክል መንኮራኩር ላይ የተጠቀለለ ክር ይዞ መጣ። ክሩ መስታወት ነው። ከዚህ በፊት ያወራሁላችሁን ሁሉ ብትጠራጠሩ መብታችሁ ነው፤ ይችን ግን እመኑኝ። መስታወት እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ፣ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን።

እኔ ገረሱ ነኝ። ያኔ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አየር ጤና በነበረው የመስመር ወርክሾፕ የስልክ እንጨት ላይ እየወጣሁ ሽቦ አስር ነበር። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው፤ ሰባተኛን በመስኮት ነው ያየኋት። ወንድይፍራው ግን ስድስት ዓመት ቡዳፔስት ተቀምጦ የተማረ ኢንጂነር ነው። ለኢንጂነር የማይገባ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ስትጠይቀው ያስረዳሃል።

የመሣሪያ ሣጥኑን ክዳን ሲከፍት ከውስጥ በኩል አንዲት ልጅ ትስቃለች። ፎቶግራፍ ናት። ፅጌ ትባላለች፤ አራት ዓመቷ። እናቷ ኢሎና የምትባል ሃንጋሪያዊት ናት። ትምህርቱ ሲያልቅ መንግሥት «ና» አለው፤ መንግሥት የላከው ሰው መንግሥት ሲጠራው ይመጣል። ለእነሱ መምጫ ወረቀት የለም፣ ለእሱም መሄጃ ወረቀት የለም። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርታው ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ለከፍተኛ ትምህርት እንደገና ቢልከው። ያን የሚወስኑት ጓድ መኳንንት የሚባሉ አለቃና አራት የኮሚቴ ሰዎች ናቸው። እነሱም «መጀመሪያ ይኼ የመስታወት ክር የምትለው ምን እንደሚሠራ በተግባር አሳየን፤ ከዚያ እንወስናለን» አሉት።

ስለዚህ ልንዘረጋው ሆነ። ከወርክሾፓችን እስከ ቤቴል በኩል ያለው የቀበሌ አዳራሽ ድረስ አርባ አንድ የስልክ እንጨት አለ። በእንጨቶቹ ላይ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ የተሰቀለ የመዳብ ሽቦ አለ፤ አገልግሎቱ ከቆመ ዓመታት ያለፈው፣ እኛ «ሙት መስመር» የምንለው። መስታወቱን ከሙት መስመሩ ጎን አድርገን ልንወስደው ተስማማን።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ወለተጻድቅ ጠላ ቤት ደጃፍ አረፍ ብለን ሳለ እትዬ ብቅ አሉ።

«አንተ ገረሱ፣ ደግሞ ምን ልትሰቅሉብን ነው?»

«መስታወት ነው እትዬ።»

«መስታወት በእንጨት ላይ?»

«የሃንጋሪ ሸረሪት የፈተለው ነው። ጠርሙስ እያበሉ ነው የሚያሳድጉት። የቢራ ጠርሙስ የበላው ቡናማ ይፈትላል፣ የአምቦ ውኃ የበላው አረንጓዴ። ይኼ ነጩ የመድኃኒት ብልቃጥ ብቻ የበላ፣ የተመረጠው ነው።»

«በሥላሴ! ለመሆኑ ምን ይሠራል?»

«በዚህ ጫፍ ዓይንዎን ቢያስጠጉ ቡዳፔስት ይታያል። እኔ ትናንት አይቻለሁ። አንዲት ቀይ ሴት ጥቅል ጎመን ስትከትፍ፤ አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበር ላይ ቆማ ካሮት ስትሰርቅ።»

«ውሸታም! የሰው ቤት ጓዳ ደግሞ ምን አባክ ታያለህ!» ብለው ማማሰያውን አነሱ። ጠጪው ሁሉ ሳቀ። ዞር ስል ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆሟል። አልሳቀም።

አለቀልኝ አልኩ። መሰላሉን ተሸክመን ወደሚቀጥለው እንጨት ስንሄድ ድንገት «ምን ለብሳ ነበር?» አለኝ።

«ማን ጋሼ?»

«ወንበር ላይ የቆመችው።»

ያን ጊዜ መሰላሉ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩና «ቀይ ሹራብ» የሚል ወጣ።

«እዚያ አሁን በረዶ ነው፤ ልክ ነው። ጫማስ?»

«በካልሲ ነበረች።»

«አዎ። ቤት ውስጥ ጫማ አያደርጉም» አለ፣ የጠፋበት ዕቃ እንደተገኘለት ሰው። ትንሽ ሄደና «ሌላ ጊዜ ስታይ ለጠጪ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ንገረኝ» አለኝ። ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ ጨምርልኝ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

በየሁለት ወሩ ቴሌ ሄዶ ስልክ ያስጠራ ነበር። አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩ። ግማሽ ቀን ተቀምጠን፣ በመጨረሻ «ቡዳፔስት፣ ሦስት ቁጥር ግባ!» ተባለ። ሦስት ደቂቃ ነው። ልጅቷ «አፓ» ትለዋለች፤ በእነሱ ቋንቋ አባት ማለት ነው። እሱ ይናገራል፤ ቃሉ ባሕር እስኪሻገር እሷ መልስ የለም ብላ ሌላ ትጀምራለች፤ የእሱና የእሷ ቃል መሃል መንገድ ላይ ይላተማል። ሁለቱም ይቆማሉ። ሁለቱም እንደገና አንድ ላይ ይጀምራሉ። ሦስቱ ደቂቃ እንዲህ አለቀ። ሲወጣ ላቡን እየጠረገ «ድምፅዋ ወፍሯል» አለኝ። «ልጅቷ አድጋ ይሆን ወይስ መስመሩ ነው?» እኔ ምን አውቄ።

ወደ ሥራችን ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን አሥር እንጨቶች መስታወቱን እንደ መዳብ ነበር ያሰርኩት። አንድ የመስመር ሠራተኛ ሽቦ ሲያስር ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጠምዝዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ላላ ብሎ ያሰረ እንደሆነ ነፋስ ይሰድበዋል። ወንድይፍራው ማምሻውን ወርክሾፑ ገብቶ በአንዱ ጫፍ ቀይ መብራት ለኮሰበትና ጠራኝ።

«ና፣ ሥራህን እይ።»

ፀሐይዋ ገብታ ስለነበር ከሩቅ ይታያል። በየእንጨቱ ላይ፣ እኔ ባሰርኩበት ቋጠሮ ላይ፣ የበርበሬ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ትበራለች። እንጨቱ ሁሉ መብራት የተሰቀለለት መሰለኝና «እንዴት ያምራል!» አልኩ።

«የሚያምረው እየፈሰሰ ስለሆነ ነው። መስታወት ቀጥ እስካለ ድረስ ብርሃኑን ይዞ ይሄዳል፤ አንቀህ ስታጥፈው ብርሃኑ መታጠፍ አቅቶት ይወጣል። ይኸው፣ አሥር ቦታ ቀደህልኛል። ስድስተኛው እንጨት ጋ የሚደርሰው እንኳ ጭላንጭል ነው።»

በማግስቱ አሥሩንም ፈታሁ። እንደ ሕፃን ክንድ እያላላሁ እንደገና አሰርኩ። አርባ አንደኛው ላይ ስደርስ ጥር ሊያልቅ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጫፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ቀዩ መብራት ድምፅህን እየተከተለ ይርገበገባል፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሣጥን ደግሞ እርግብግቡን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ለሙከራ አጸደን ወርክሾፑ ውስጥ ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጥናት። አጸደ ታይፒስታችን ናት፤ ምላሷ ከጽሕፈት መኪናዋ ይፈጥናል። እኔና ወንድይፍራው ቀበሌው አዳራሽ ሄደን ጆሯችንን ደቀንን።

አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲናገር፣ ከላዩ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምን ይመስላል? እሱን ነው የሰማነው። የአጸደ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት በመሃል ስለሳቀች ብቻ ነው።

ወንድይፍራው ከዚያ ትንሽ አረንጓዴ መስኮት ያለውን መለኪያውን አበራ። ቀደም ብሎ ወርክሾፑ ውስጥ ያሳየኝን አስታወሰኝ፤ ሲገባ ብርሃኑ መስኮቷ ላይ እንደ ምስማር ቀጥ ያለ መስመር ነበር። አሁን ሲወጣ ምስማሩ የለም፤ እንደ ተቀመጠች አሮጊት ዝርፍጥ ያለ ጉብታ ሆኗል። አጸደ በተባለችው ሰዓት ወርክሾፑ ውስጥ ቁልፉን ተጭና ሁለት ምስማር አቀራርባ ስትልክ ደግሞ የወጣው አንድ ሰፊ ጉብታ ነው።

«የት ሄደ ሁለተኛው?» አልኩት።

«አልሄደም። ተቀላቀሉ። ብርሃን አንድ ይመስልሃል እንጂ ገና ሲገባ ብዙ ነው። አንዱ መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላው ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ፣ እየተመላለሰ ይሄዳል። አብረው ወጥተው አብረው አይደርሱም።»

ይህንንስ አውቀዋለሁ። «እንደ እድራችን ነዋ ጋሼ! ዘነበወርቅ ለቅሶ ልንደርስ ከአየር ጤና አብረን እንነሳለን። ግማሹ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግማሹ ግራና ቀኝ እየተሳለመ፣ ጠላ ቤት ሁሉ ጎራ እያለ ይሄዳል። የፊተኞቹ ተቀምጠው አልቅሰው ሊነሱ ሲሉ የኋለኞቹ ይገባሉ። በዚህ መሃል የሌላ ሠፈር እድር ይደርሳል። ሐዘንተኛው የቱ የማን እድር እንደሆነ አያውቅም።»

ወንድይፍራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «ስድስት ዓመት የተማርኩት ይኼው ነው። ለአንድ ሰው ድምፅ ችግሩ ድካሙ ነው። ሺህ ድምፅ ባንዴ ልላክ ካልክ ግን አጠጋግተህ ነው የምትልከው፤ ያኔ መቀላቀሉ ይመጣል። እስከዚያው ያለው መላ በመሃሉ ክፍተት እየተዉ ቀስ ብሎ መላክ ነው።»

«እና ለኮሚቴው ይህን ልታሰማቸው ነው? ይኼን የጉድጓድ ድምፅ?»

«አዎ። ይድከም። መድከሙን ነው የማሳያቸው። መንገዱ አለ፣ ድካሙን የሚያድነውን ልማር እላቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ እናንተም ብትሆኑ ትሳሳቱ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚለውን ነው ወይ የሚፈልገው? ባለቤቱ «ምንም አልቀረበም» ሲል ሁለት በግ አርዶ ነው። ደጋሽ «አይሳካልኝም፣ ባዶ ቤት ነው የምትመጡት» ሲል ጎረቤት ሰምቶ ዝም አይልም፤ በጓሮ በኩል ማሰሮ ይዞ ይገባል። እንግዳ ፊት ድካሙን የሚያሳይ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ስለዚህ ወንድይፍራው «ይድከም» ሲል፣ አፍሮ ነው አልኩ። ትሕትና ነው አልኩ። ልጁን ሊያጣ የደረሰ ሰው እንዴት የጉድጓድ ድምፅ ይዞ ሹማምንት ፊት ይቆማል? ማሰሮዬን ይዤ በጓሮ በኩል ለመግባት ወሰንኩ።

ማሰሮዬ ሙት መስመሩ ነው። መዳብ ደግሞ ሥራዬ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የተበጠሰበትን ቀጠልኩ። በቀበሌው አዳራሽ በኩል የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ከመዳቡ ጋር አገናኘሁ። በወርክሾፑ በኩል ከአሮጌ ስልክ እጀታ የፈታሁትን መናገሪያ ከደረቅ ባትሪ ጋር ጠረጴዛው ላይ ከወንድይፍራው ማይክራፎን ሥር አሰርኩና ቀይ ጨርቅ አለበስኩት። ያን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ያለበሱትን ነገር ማንም ገልጦ አያይም።

አጸደ አየችኝ። «ምንድነው እሱ?»

«መጠባበቂያ።»

«የምን መጠባበቂያ? አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን ሸር አስበሃል?»

«አጸድዬ፣ ድምፅሽ ጉድጓድ ገብቶ ከሚቀር ብዬ ነው። ቤቴል ያለው ጎረምሳ ሁሉ ሰምቶሽ በነጋታው ሽማግሌ እንዲልክ።»

«ሂድ ከዚህ! የላክኸው ሽማግሌ ጠፍቶብህ ነው ለሌላው የምታስብልኝ?» አለች፤ ግን ጨርቁን አልነካችውም። ፀጉሯን አስተካከለች።

ቀኑ ደረሰ። ከምሳ በኋላ አምስቱም ጓዶች በሁለት ላንድሮቨር አዳራሹ ድረስ መጡ። ወንድይፍራው አንድ ነጭ ሸሚዝ አለችው፣ እሷን ለብሷል። መስኮት ያለውን መለኪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ የጉብታውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት ሥሎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እኔ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ እንደ ጨዋ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«ጓዶች» አለ ወንድይፍራው፣ «አሁን የምትሰሙት ድምፅ ደካማ ነው። ጆሯችሁን ቀሰር አድርጋችሁ ልትሰሙት ይገባል። የደከመበትን ምክንያት ከዚያ አስረዳለሁ።»

ከአጸደ ጋር የተቃጠሩበት ደቂቃ ሲደርስ እጁን አነሳ። እኔ ቁልፉን አዞርኩ።

«ጓዶች እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብላ አጸደ ጮኸች። ጮኸች ነው የምላችሁ! ቀበሌው ለስብሰባ የሚጠቀምበት ማጉያ ነው። ጣራው ላይ የነበረ እርግብ ሁሉ ተነሳ። የአንደኛው ጓድ ባርኔጣ ወደቀ። አጸደ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ጥርት ብሎ፣ በመሃል ስትተነፍስ ትንፋሿ ሳይቀር፣ ጎን ለጎን ቆማ የምትናገር ያህል ተሰማ።

የወንድይፍራውን ፊት አይቼ አላውቅም እንደዚያ። መጀመሪያ ሣጥኑን አየ። ቀጥሎ መለኪያውን አየ፤ መስኮቷ ላይ ያለው ዝርፍጥ ያለች ጉብታ ናት፣ ድምፁ ደግሞ ነጎድጓድ። ከዚያ ከማጉያው ኋላ የወጣውን ገመድ ተከተለ፣ ተከተለ፣ እኔ ላይ ደረሰ። እኔ ፈገግ አልኩ። ሰው ውለታ ሲውል እንደሚለው።

«ጓዶች» ብሎ ጀመረ። ቆመ። አፉ ተከፍቶ ነበር። ያኔ ለምን እንደቆመ አልገባኝም።

ጓድ መኳንንት ግን ቆመው ማጨብጨብ ጀምረዋል። አራቱም ተከተሉ። የቀበሌው ሰዎች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

«በዚህች መስኮት ላይ ግን ጓድ፣ ቢመለከቱ…» አለ ወንድይፍራው።

«ተወው ጓድ! ጆሯችን ሰምቶ ሳለ ዓይናችንን አታድክም። ይህ እኮ ያለቀ ነው!» ትከሻውን ያዙት። «እኛ ገና ይማራል ስንል አንተ ጨርሰሃል። ካሁን በኋላ ሃንጋሪ ምን ያደርግልሃል? አሁን አስተማሪ ነህ። ከዚህ አትነቃነቅም፤ የአሥር ዓመቱ ዕቅድ እስኪያልቅ የሥልጠናው ኃላፊ አንተ ነህ።»

እኔ ፈገግታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ላንድሮቨሮቹ ሄዱ። እኔና እሱ በእግራችን በእንጨቶቹ ሥር ተመለስን። ስንት እንጨት እንዳለፍን አላውቅም፤ በመጨረሻ እኔው ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ለአንተ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ሐሰት ነው፣ በመዳብ ነው የመጣው ብትል ኖሮ…»

«ብናገር ኖሮ አንተ ዛሬ የት ታድር ነበር?»

ያን ዘመን ሹማምንት ፊት ያጭበረበረ የመስመር ሠራተኛ «አሻጥረኛ» ነው የሚባለው፤ አሻጥረኛ ደግሞ ቤቱ አያድርም። አፉን ከፍቶ በቆመባት በዚያች ቅጽበት በአንድ እጁ ልጁን፣ በአንድ እጁ እኔን ይዞ ነበር ማለት ነው። የለቀቀው ማንን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ መኳንንት ቢሮ ሄድኩ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነት ልናገር ብዬ። ገብቼ ቆሜ ሳልቀመጥ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሙት መስመሩን፣ ባትሪውን፣ ቀይ ጨርቁን። «ወንድይፍራው አያውቅም። እኔን እሰሩኝ፣ እሱን ላኩት» አልኩ።

ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም ጓድ።»

«ለእኔም አልነገርክም።» ቁጭ ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አርብ ማታ ሪፖርት አድርጌያለሁ። እኔ ሁለት ኪሎ ሜትር ብዬ ነው የጻፍኩት። ቅዳሜ ከእኔ በላይ ያሉት ሃያ አደረጉት። ዛሬ ጠዋት ተደውሎልኝ ምን ተባልኩ መሰለህ? ከአየር ጤና ተነሥቶ አምቦ ደርሷል፣ እንኳን ደስ ያለህ!»

እኔ ገረሱ፣ ሸረሪት ጠርሙስ ያበላሁ፣ በዕድሜዬ ያን ያህል ዋሽቼ አላውቅም። ብርሃን በመንገድ ላይ ይደክማል፤ ሪፖርት ግን በየደረጃው ሥጋ እየጨመረ ነው የሚወጣው።

«አሁን ተመልሼ በመዳብ ነበር ብል» አሉ ጓድ መኳንንት፣ «አንተ አሻጥረኛ፣ እሱ አጭበርባሪ፣ እኔ ደግሞ ደደብ ነኝ። ሦስታችንም እንጠፋለን። እሱ ግን ያኔም አይሄድም።»

«ልጅ አለችው ጓድ።»

«አውቃለሁ።» መስኮቱን አዩ። «እኔም ልጅ አለኝ። ሰሜን ግንባር ከሄደ ሁለት ዓመቱ። ደብዳቤ ከመጣ ሰባት ወር። ሂድ በል።»

ወጣሁ።

ወንድይፍራው የሥልጠና ኃላፊ ሆነ። ወንበር ሰጡት፣ የሚሽከረከር። ሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ብቻ ነበር የምንነጋገረው፤ አልተቆጣኝም፤ አለመቆጣቱ ነው የባሰብኝ። አንድ ቅዳሜ ሥራ ካበቃ በኋላ ጠራኝና «ሙት መስመሩን ከማጉያው ለያይተኸዋል?» አለኝ።

«ለያይቼዋለሁ።»

«ከቤቴል በኩል ጆሮ ማዳመጫውን ከሣጥኑ ጋር አገናኝና ተቀመጥ። እኔ ከዚህ እናገራለሁ። ከዚያ ሙከራ ወዲህ መስታወቱን በእውነት የሰማው የለም።»

«ሰምቼ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? እኔ ከዚያ መልስ መላክ አልችልም።»

«አትልክም። አንድ ክር ነው፤ አንድ መንገድ ነው የሚሄደው።»

ሄድኩ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ የኮሚቴው ወንበሮች እንደተደረደሩ ናቸው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዝናብ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የማያባራ ዝናብ። ቆየሁ። ከዝናቡ ሥር አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ የራሴ ትንፋሽ መሰለኝና ትንፋሼን ያዝኩ። አሁንም አለ። ሰው ነው። በሃንጋሪኛ ይሆን በአማርኛ አልለየሁም፤ አንድ ቃል ይልና ረጅም ክፍተት ይተዋል። ሌላ ቃል፣ ክፍተት። አንዱ ሌላው ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ ነው። ለትንሽ ልጅ ሲናገሩ እንደሚለው ድምፁ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፤ ጥያቄ ነው የሚጠይቃት። በክፍተቱ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ይመልስለታል። እኔ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ይዤ፣ የማይገባኝን ጥያቄ ሁሉ፣ አዎ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ባትሪው እስኪደክም ሰማሁ። ስመለስ ፀሐይ እየገባች ነበር። እሱ ማይክራፎኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው።

«ደረሰ?» አለኝ።

እንደ ልማዴ ቢሆን ኖሮ ሁሉ ደረሰ፣ ቤቴል ሁሉ አለቀሰ፣ እትዬ ወለተጻድቅ ጠላቸውን ትተው መጡ እል ነበር።

«አንድ ቃል ደረሰ» አልኩት።

«የቱ?»

«ፅጌ።»

«አንድ ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት።»

ስንት ጊዜ እንደጠራት አልነገረኝም። ሣጥኑን አጠፋ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ ተነሥቶ ቁልፉን ያዘ። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመና፣ «ባትሪ ካገኘሁ የሚመጣውም ቅዳሜ ትሄዳለህ?» አለኝ።

«እሄዳለሁ ጋሼ» አልኩት።